የሽንኩርት ምርቃት

ለምወድሽ እናቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺ ላይ ይሁን። እንደምን ከርመሻል እማ? ጉልበትሽ በዚህ ክረምት አላስቸገረሽም? ዓይንሽስ? አማል የቀኙ ጭራሽ ጭጋግ እንደለበሰና ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ብትለምንሽ እምቢ እንዳልሽ ነግራኛለች። እሷን እንዳትቆጪያት፣ ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። እኔም ተማምም ልጆቹም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሙቀቱ ብቻ ነው እንግዲህ። በዚህ ወር ላስ ቬጋስ ውስጥ የመኪና መሪ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ የዑምራን፣ መካ የመሄድሽን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ ተበላሸ ትይና ትዘጊብኛለሽ። ይሄ ኔትወርክ ዑምራ ሲባል ብቻ ነው የሚበላሸው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ሀቢብ ለእህቱ ሠርግ ስለሚመጣ በእጁ ልኬዋለሁ፣ አማል ታነብልሻለች። አማልዬ እህቴ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላት፤ ተይው ብትልሽም እንዳትሰሚያት።

መጀመሪያ ቂሜን ልናገር። ያኔ ለዑምራሽ ብዬ የላክሁልሽን ገንዘብ ለሰፈሩ የውሃ ቧንቧ አውጥተሽ፣ በቁማር ቤት ገንዘብ የአላህን ቤት አልረግጥም ያልሽኝ ጊዜ አንጀቴ ነው የቆሰለው። ካዚኖ ባለበት ሆቴል ሠራሁ እንጂ ቁማር በእጄ አልነካሁም። የሰው አንሶላ ነው የማነጥፈው፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ነው የማጥበው፣ ደመወዙም የወገቤ ነው። ይህን ሳልነግርሽ ስልኩን ዘጋሁ። የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። አብራኝ የምትሠራው እታፈራሁ ምን ሆነሻል ስትለኝ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አልኳት። አሁን ተናገርኩት፣ ወጣልኝ።

ግን እማ፣ አውቅሻለሁ። ገበያ ላይ በርበሬ ስትሸጪ ጣሳውን ጠቅጥቀሽ ሞልተሽ፣ ከላዩ አንድ እፍኝ ሳትመርቂ ሰው የማትሸኚ ሴት ነሽ። ልጅ ሆኜ በዚያው ጣሳ ላይ ወድቄ ግራ ቅንድቤ የተተረተረ ቀን እንኳ፣ በአንድ እጅሽ ደሜን በነጠላሽ ይዘሽ፣ በሌላው ደንበኛሽን ምርቃትሽን ሳትወስጂ ብለሽ የጠራሽ አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለች ሴት ለሚያጠራጥር ገንዘብ እጇን እንደማትዘረጋ ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ተውኩትና ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመርኩ። ዓይኔ ሳይጠፋ ካዕባን ልየው ያልሽው አንቺ ነሽ፤ የዓይንሽ ነገር ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

መንገዱ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ባንኩ ካርድ ይሰጥሻል። ሽንኩርቱንም ሩዙንም ቤንዚኑንም በካርዱ ትገዣለሽ፣ ለጊዜው ባንኩ ይከፍልልሽና ወሩ ሲያልቅ ትመልሺለታለሽ። በገዛሽ ቁጥር ደግሞ ነጥብ ይይዝልሻል፤ ነጥቡ ሲበዛ የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። ባንኩ ከየት አምጥቶ ነው ትይኝ ይሆናል፤ ከባለሱቁ ቆርጦ ነው። አንቺ ለደንበኛሽ የምትጨምሪያት እፍኝ ማለት ናት። እዚህ ግን እፍኟን ወዲያው አይሰጡሽም፣ ያጠራቅሙልሻል።

ወለዱስ ስትይ እዚህ ድረስ ሰማሁሽ። እሱን እዚህ መስጊድ ላሉት ለሸህ ከሊል ወስጄ ጠየቅኋቸው። ቸኩለው አልመለሱልኝም፣ ሳምንት አስበውበት ነው የነገሩኝ። ዕዳውን ከጊዜው አሳልፈሽ ወለድ ከከፈልሽ እኔ የለሁበትም፣ ቀድመሽ ከከፈልሽ ግን ነጋዴ የመረቀልሽ ነው አሉኝ። እኔ ግን ወር ሙሉ ዕዳ ተሸክሜ መተኛት አልቻልኩም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ የዕለቱን እከፍላለሁ። አንድ ቀን ከባንኩ ተደወለ። ልጅቷ በጨዋ ደንብ፣ በየቀኑ የምትከፍዪው ምን ገጥሞሽ ነው አለችኝ። እናቴን ፈርቼ ነው አልኳት። እኔም እናት አለችኝ አለች፣ ተሳስቀን ተለያየን።

ነገሩ ጥሩ ነበር፣ ግን የኛ ቤት ሽንኩርት ቢበላ ስንት ይበላል? ተማም በዚህ አያያዝሽ ዑምራው ለልጅ ልጅሽ ነው የሚደርሰው ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ ነው የሒሳብ ግብግቡ ትዝ ያለኝ።

ዓርብ ዓርብ ሺፍት ስንጨርስ ዊንቸስተር ሰፈር ያለችው የሐበሻ ምግብ ቤት ተሰብስበን እንበላለን። ዓርብን የመረጥነው የነእታፈራሁ ጾም ስለሆነ ነው፤ ሽሮ ላይ ክርስቲያን እስላም የለም፣ አንድ ትሪ እንከባለን። ሒሳብ ሲመጣ ግን ጦርነት ነው። ታክሲ የሚነዳው ዋለልኝ እኔ ልሙት እያለ የሁሉንም እጅ ይይዛል። እታፈራሁ ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ተነስታ አስተናጋጇን ኩሽና ድረስ ትከተላታለች። እኔ ታዲያ አንድ ዓርብ ብድግ አልኩና፣ ሒሳቡን በካርዴ ልክፈል፣ እናንተ ካሹን ለኔ ስጡኝ አልኩ።

ወላሂ እማ፣ ዋለልኝ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። በሰው ፊት የማይባል ነገር እንደተናገርኩ ገባኝ፣ ግን አንዴ አልኩት። በሚቀጥለው ዓርብም ደገምኩት። ከእታፈራሁ ጋር አስቤዛ ልንገዛ ስንሄድ የሷንም ዕቃ ከኔ ጋር ቀላቅዬ በካርዴ ታፕ አድርጌ ከፈልኩና እጄን ዘረጋሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ገንዘቤን እናቴ ተጸየፈችው ብዬ በምን አፌ ልናገር?

አንድ እሑድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እታፈራሁ ነጠላ አጣፍታ፣ ዋለልኝና ሚስቱ ድስት ይዘው፣ ከኋላቸው የሆቴሉ ልጆች ቆመዋል። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ነው የሚመስሉት። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ እታፈራሁ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ሰው ነው የሚቸገር፣ ከኛ መደበቅሽ ነው ያሳዘነን አለችና ከቦርሳዋ ፖስታ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። አዋጥተው ነው። ይቺ ሴት ለሽሮ ሒሳብ እጇን እስክትዘረጋ የደረሰችው ቤቷ ምን ቢገባ ነው ብለው፣ ተማም ቁማር ጀምሯል ብለው ደምድመዋል።

ዋለልኝ ለካ ተማምን ወደ በረንዳ ወስዶ ይመክረዋል። ወንድሜ፣ እኔም ወድቄበት ተነስቻለሁ፣ በዚህ ከተማ ሽንኩርት መግዣው በር ላይ ሳይቀር የቁማር ማሽን ተተክሏል፣ ብትሰናከል አይፈረድብህም ይለዋል። ተማም ደግሞ ሰው እንዲህ ከልቡ ሲመክረው አይደለም ማለት ከብዶት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አንገቱን መድፋቱን አይተው ይባስ አመኑ።

ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ አንቺን፣ ዓይንሽን፣ ቧንቧውን፣ ነጥቡን። እታፈራሁ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተናደደች። ለእናትሽ ነው ብትዪን ምን ነበረበት፣ ባልሽን በከንቱ አስጠረጠርሽው ብላ ገሠጸችኝ። ተማምን ይቅርታ ጠየቁት፣ ድስቱ ተከፍቶ ተበላ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ስልኬ ዕረፍት አላገኘም። ካርድሽን ይዘሽ ነይ ነው ነገሩ ሁሉ። ዋለልኝ የታክሲውን ጎማ ሊለውጥ ሄንደርሰን ድረስ አስነዳኝ። የእታፈራሁን የፋሲካ በግ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ስካርፌን አስተካክዬ ከበጉ ባለቤት ጋር ዋጋ ስከራከር ብታዪኝ ትስቂ ነበር። ካሹን እዚያው ይሰጡኛል፣ እኔ ማታ ለባንኩ እከፍላለሁ። እማ፣ እነሱም እኮ የየራሳቸው ካርድ አላቸው። ነጥባቸውን ነው ለአንቺ የተዉልሽ።

ይኸውልሽ እንግዲህ፣ ሞላ። ቲኬቱ በስምሽ ተቆርጧል፣ ከአዲስ አበባ ጅዳ፣ ደርሶ መልስ። በጥቅምት ከሰፈራችን ሴቶች ጋር ነው የምትሄጂው፣ ወረቀቱን አማል ትጨርስልሻለች። ቁማር የለበትም። ሽንኩርት አለበት፣ ጎማ አለበት፣ በግ አለበት። የክርስቲያን የፋሲካ በግ ነው ብለሽ ደግሞ ምክንያት እንዳትፈጥሪ። ለጎረቤትሽ ለእትዬ ላቀች በየፋሲካው የዶሮዋን በርበሬ በነጻ የምትሰጪው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ካዕባ ስትደርሺ ለእታፈራሁና ለዋለልኝ ዱዓ አድርጊላቸው፣ ስማቸውን ጠርተሽ። የሆቴሉን ልጆችም አትርሺ።

በዚህኛው እምቢ እንዳትዪኝ። ያን ጊዜ ወደኔ መምጫ ቪዛ ሳይሰጡሽ ሲቀሩ፣ እኔ ሳለቅስ አንቺ ነሽ ያጽናናሽኝ። አብሽሪ፣ አላህ ሌላ ቦታ ያገናኘናል አልሽኝ። ያቺን ቃልሽን አልረሳኋትም። እናቴ ናፍቀሽኛል። ድምፅሽን ሰምቼ ስዘጋ ቤቱ ይጠብበኛል።

ፖስታውንስ ምን አደረግሽው ትይኛለሽ። ልመልስ ብዬ ብዙ ለመንኳቸው፣ የተሰጠ አይመለስም ብለው ማሉብኝ። አለቃዬም ባላሰብኩት ሁኔታ የጥቅምትን ዕረፍት ፈቀደልኝ። ፖስታው ምን እንደሆነ እንግዲህ ጅዳ ስትደርሺ ይገባሻል፣ ኢንሻአላህ።

ስትነሺ በሶ ቋጥሪ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርጊው። ጅዳ ከአውሮፕላን ወርደሽ ስትወጪ ሻንጣሽን የምትቀበልሽ ሴት ትኖራለች። እንደ ልማድሽ እኔ እችላለሁ ብለሽ አትታገያት፣ እሷም እንዳንቺ ግትር ናት። ፊቷ ከጭጋጉ ጋር አልለይልሽ ካለ በእጅሽ ዳስሺያት። ግራ ቅንድቧ ላይ የጣሳ ጠባሳ አለ።

አላህ ዓይንሽን እስከዚያ ያቆይልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ያሰብሽውን ያሳይሽ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ምርቃትሽን ሳትወስድ የሄደችው
ልጅሽ