ሜሞሪ በማዕረግ ለሚያድለው የግዥ ኮሚቴ

አሰላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ቱፋ፣ የመሥሪያ ቤታችን የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ በእርስዎም በኩል ለተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት በሙሉ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ለጤንነትዎ ያለኝን ምኞት በቃል ብቻ ብነግርዎ በቃለ ጉባኤ ስላልተያዘ አይጸናም እንዳይሉኝ ስለሰጋሁ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና ያ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚነሳብዎ ራስ ምታት ሁሉ ለቆዎት በሰላም እንዲከርሙ የምመኝልዎ መሆኔን በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ቤተሰብዎም ደህና ይሁኑ። ማሳዎም ደህና ይሁን፤ በተለይ ስንዴ ከዘሩ።

ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ተናኘወርቅ ነኝ፤ በኮሪደሩ መጨረሻ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል የምሠራ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኦሮምኛውን ከገበሬው ተምሬያለሁ፤ ብርዱን ግን ለምጄው ስለመጣሁ በዚያ በኩል መሥሪያ ቤቱን አላስቸገርኩም። ሥራዬ ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ በየት እንደገባና ወዴት እንደሚሄድ በካርታ ማውጣት ነው። ካርታው ላይ ቀይ ላልተቀባ ቀበሌ ፀረ-ዋግ ኬሚካል ከመጋዘን አይወጣም። ይህን ደንብ ያወጣው የእኛው መሥሪያ ቤት ስለሆነ በደንቡ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ኮሚቴዎ ዘንድሮ ለክፍሌ ስለሚገዛው ላፕቶፕ የሜሞሪ መጠን «የባለሙያ አስተያየት ካለ በጽሑፍ ይቅረብ» ብሎ መለጠፉ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተያየት ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእርስዎ ጉዳዩ የአንድ ላፕቶፕ ነው። ለእኔ ግን ሳጉሬ አካባቢ የሚኖሩ አዴ ዙቤዳ የሚባሉ እናት ዘንድሮ ስንዴያቸውን ያጭዳሉ ወይስ አያጭዱም የሚል ጉዳይ ነው። ስለሆነም ቅሬታዎቼን እንደ ሕጉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የዛሬ ሁለት ዓመት ላፕቶፖች ሲገዙ ኮሚቴዎ ሰባት ጊዜ ተሰብስቦ ለኃላፊያችን ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ፣ ለአስተባባሪያችን ባለ ስምንት፣ ለእኛ ለባለሙያዎች ባለ አራት ጊጋ ሜሞሪ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሰባቱ ስብሰባ ለምን እንዳስፈለገ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ወንበሮቹ የታደሉትም በዚሁ ቅደም ተከተል ስለነበረ መዝገቡን ገልብጦ ወንበር የሚለውን ሜሞሪ ማለት ይበቃ ነበር። እኔም በድፍረቴ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ሜሞሪ ማለት ማሽኑ ሥራውን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ሲጠብ አንዱን ሳያነሳ ሌላውን ማስቀመጥ እንደማይችል፣ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ትንሹ ሲበቃ የሦስት ወረዳ ካርታ ለሚዘረጋ ሰው እንደማይበቃ አስረዳሁ። እርስዎም ሻይዎ እየቀዘቀዘ በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ባለሙያ ከኃላፊው የበለጠ ሜሞሪ ከያዘ ኃላፊነቱ ምኑ ላይ ነው?»

2ኛ. የኃላፊያችን ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ ላፕቶፕ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሲከፈት አይቻለሁ፤ ሁለቱ ከበላይ ለመጡ እንግዶች እንደሚከፈት ለማሳየት ነበር። በቀረው ጊዜ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ከአበባ ማስቀመጫው ጎን ይቀመጣል። ዳንቴሉን የሠራችው ፀሐፊያችን ሀሴት ናት፤ እጇ ይባረክ፣ እኔ አልቀናሁም። የእኔ ላፕቶፕ ዳንቴል የለውም፤ ሲግል እፍ የምለው እኔው ነኝ።

3ኛ. ኮሚቴው ካልጨመረልኝ ራሴ ላስጨምር ብዬ ላፕቶፑን ከመናኸሪያው ጀርባ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለይስሃቅ ወሰድኩለት። ፈትቶ አየው፤ ሜሞሪው ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ ተነቅሎ የሚተካበት፣ ተጨምሮም የሚሰካበት ቦታ እንደሌለው አሳየኝ። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ የሚገዛ ሰው በገዛበት ቀን የወሰነው ነገር ዕቃው እስኪጣል አብሮት እንደሚኖርም ነገረኝ። ለካርታ ሥራ አሥራ ስድስት እንደሚበቃና ከዚያ በላይ መግዛት ብክነት እንደሆነ መክሮኝ፣ የፈታበትን እንኳ ሳይቀበለኝ ሸኘኝ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ግን ፍላሽ ብሰካበት መፍትሔ እንደሚሆን ስለመከሩኝ ለእሳቸውም ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ ሰክቼበታለሁ፣ መብራቱ ያምራል።

4ኛ. ይህኛው ስለ ወንበሬ ነበር። ትቼዋለሁ።

አሁን ቁጥሩን ላቁምና የሆነውን ልንገርዎ። ባለፈው መስከረም 20 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ በዲክሲስ በኩል ያሉ የልማት ሠራተኞች የዋጉን ፎቶና የቦታዎቹን ልኬት ላኩልኝ። ነፋሱ ወደ ሳጉሬ እንደሚነፍስ ለማወቅ ላፕቶፕ አላስፈለገኝም፤ እጄን በመስኮት አውጥቼ አወቅኩት። ኬሚካል ግን በእጄ ምስክርነት አይወጣም፤ የሚወጣው በካርታ ነው። ካርታውን አስጀመርኩት። እኩሌታው ተስሎ ስታክ አደረገ። አጥፍቼ አበራሁት፤ እንደገና ስታክ አደረገ። ማክሰኞም ያው፤ ጠዋት ያስጀመርኩት ከሰዓት በኋላ ራሱን በራሱ ይዘጋል። ረቡዕ ዕለት የኃላፊያችን ላፕቶፕ ለሁለት ቀን በትውስት እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠየቅኩ። የትውስት ቅጹን መፈረም የሚችሉት ኃላፊያችን ራሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለስምንት ቀን ሥልጠና አዳማ ወርደው ነበር። የሥልጠናው ርዕስ የዲጂታል አሠራር ነበር፤ ጠቅሟቸው እንደሆነ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ምን ላድርግ? ካርታውን ቀበሌ በቀበሌ ቆራርጬ፣ ለየብቻው አስስዬ፣ መልሼ እንደ ድሪቶ ጣጣፍኩት። የአዴ ዙቤዳ ቀበሌ ቀይ የተቀባው በአሥረኛው ቀን ነው። ኬሚካሉም በማግሥቱ ወጣ፤ መጋዘኑ አንድም ቀን አላዘገየም፣ ይህ ይመዝገብልኝ። አዴ ዙቤዳ ኬሚካሉን በጀርባቸው አዝለው ማሳቸው ሲደርሱ ግን ስንዴው ከላይ እስከ ታች ቢጫ ዱቄት የነሰነሱበት ሆኖ ጠበቃቸው። ያም ሆኖ ረጩት።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው ያው አንድ ማሳ ነው። በኅዳር ወር አሰላ ድረስ ወደ ቢሮዬ መጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ስንዴ ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። ፍሬው ተጨማዶ ገለባ ሆኗል፤ ለዶሮ እንኳ ያሳፍራል። ሊጣሉኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢጣሉኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ቀድመሽ ብታውቂ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር፣ አይደል?»

አዎ አልኳቸው። አቶ ቱፋ፣ ዋሸሁ። ቀድሜ አውቄ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ አውቄ ነበር። ብነግራቸውስ ምን ያደርጉበታል፣ ኬሚካሉ በደንቡ ተቆልፎበታል ብዬ ራሴን ሳጽናና ነው የከረምኩት። አፈርኩ። እሳቸውም አመሰገኑኝ፣ ስንዴውን መልሰው ቋጠሩት፣ ወደ ሳጉሬ የሚሄደው ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ፈጥነው ወጡ።

በሰኔ ወር ደግሞ ደወሉልኝ። ዘንድሮ ገብስ ይሻለኛል ወይስ ስንዴ፣ አንቺ ያልሽኝን እዘራለሁ አሉኝ። በዚያው ሳምንት በዕቅዳችን ላይ «ለሰብል ጥበቃ ክፍል አንድ ላፕቶፕ» የሚል መስመር አይቼ ነበርና ስንዴ ይዝሩ፣ ዘንድሮ ደህና ማሽን ይመጣልኛል፣ በጊዜ አሳውቅዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። በኮሚቴዎ ተማምኜ ቃል መግባቴ የእኔ የራሴ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ አላላክክም። ስንዴው አሁን ከጉልበት በታች ደርሷል፤ መስከረምም ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ በጽሑፍ ይቅረብ ያላችሁት አስተያየቴ ይህ ነው፦ አሥራ ስድስት ጊጋ ይሁን። ማዕረግ የሚነካ ከሆነ ላፕቶፑ በኃላፊያችን ስም ይመዝገብና እኔ አቧራውን የምጠርግ ልባል፤ ስጠርገው ካርታ ቢወጣ ማንም አያይም። ይህም ካስቸገረ በክዳኑ ላይ «ባለ አራት ጊጋ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት፤ ይስሃቅንም እንዳይናገር አስምለዋለሁ። ይህም ካልሆነ ዋጉ ሲነሳ ኃላፊያችን ራሳቸው ካርታውን ይሳሉት፤ ጠረጴዛው ያላቸው እሳቸው ናቸው።

ለመሆኑ ከእነዚህ አንዱን ትቀበላላችሁ ብዬ አስባለሁ? አላስብም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ከቃለ ጉባኤያችን ውስጥ «በባለሙያዋ አስተያየት መሠረት» የሚል አንድ መስመር አላገኘሁም፤ ብትጽፉትም ዓይኔን አላምን። የምጽፈው አዴ ዙቤዳ በኅዳር ተመልሰው ሲጠይቁኝ ቢያንስ አንድ ነገር አድርጌ ነበር ለማለት ነው። እሱም ቢሆን ማሳ አይሆናቸውም።

ላደረጋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ላፕቶፑ አንድ ካርታ እስኪከፍት ስጠብቅ ሁለት ሹራብ ሠርቻለሁ፤ ትዕግሥት ተምሬያለሁ፤ በዝግታ ማንበብም ለምጃለሁ። ኮሚቴው ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ዕውቀት አምልጦኝ ይቀር ነበር።

ለውሳኔዎችዎ ሁልጊዜ ከግርጌ ሆና የምትፈርመው፣ ከኃላፊዋ የማትበልጠው፣ ከአስተባባሪዋም የማትስተካከለው፣ በአራት ጊጋዋ ልክ የምታከብርዎ፣

ተናኘወርቅ
የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ የኮሪደሩ መጨረሻ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ ከሁላችን በላይ የሚነበበው እሱ ስለሆነ።

ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወርድ ውሳኔያችሁ ቀድሞኝ ተለጥፎ አገኘሁት፤ አስተያየት የማቅረቢያው ቀን ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር፣ ግን ለፈጣን አገልግሎታችሁ አመሰግናለሁ። የአገልግሎት ዘመኔን ከግምት በማስገባት ለእኔ ስምንት ጊጋ ተፈቅዶልኛል። ደረጃው እንዳይፋለስ ደግሞ የአስተባባሪያችን ወደ አሥራ ስድስት፣ የኃላፊያችን ወደ ሠላሳ ሁለት ከፍ ብሏል፤ በጀቱም በእነዚህ በሁለቱ ስላለቀ የእኔው ግዥ ለከርሞ ተላልፏል። አዴ ዙቤዳ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ደውለውልኝ ነበር። አላነሳሁላቸውም።