የነጣው ደረሰኝ

ጥቅምት 6

መጋዘን። ነጭ ቀለም ባለ አራት ሊትር፣ 212 ቆርቆሮ። ትናንት 214 ነበር፣ ሁለቱ ወጥተዋል፣ ወረቀታቸው አለ። ልክ ነው። ቆርቆሮ መቁጠር ይሻለኛል። ገንዘብማ ማን ያስነካኛል? ባለመጋዘኑ ሲቀጥረኝ «ካሽ አትይዢም፣ ቆጠራ ብቻ» ነው ያለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሶት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሊቁ! የፊልማችን ዳይሬክተር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያየኝ መንገድ የሚሻገር ሰውዬ፣ ዛሬ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀልኝ። ሸብቷል፣ ሆዱ ወጥቷል። ጥርሱ ግን ያው፣ እንደ አዲስ ሰሃን ያበራል። በቀረጻው ሰሞን ነው ያስተከለው። በማን ብር እንደሆነ...

«ፊልማችንን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊገዛው ነው» አለኝ። ፊልማችን! ጣቢያው ግን ፊልሙ ስንት እንደፈጀ ሂሳቡ ከነማስረጃው ተሠርቶ ካልመጣ አልከፍልም ብሎታል። የያኔው መዝገብ የለም፤ ቢሮው ሲለቀቅ ጠፍቷል። ደረሰኞቹ አሉ፣ በማዳበሪያ ከረጢት።

«ካንቺ በቀር ማን ያውቀዋል?»

«ሌባ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ያለፈው አለፈ እንግዲህ።»

ለሱ አልፎ ይሆናል።

ጥቅምት 7

እሺ አልኩት። ለክፍያው ብዬ አይደለም። በአንድ ነገር ተስማምተን ነው፦ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። «ጻፊ» አለ፣ አላሰበበትም።

ያኔ ከሳጥኑ ስልሳ አራት ሺህ ብር ጎደለ። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ነበረው። አንዱ የኔ አንገት ላይ፣ አንዱ የሱ ኪስ ውስጥ። ገንዘብ ያዥ እኔ ስለሆንኩ ግን ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ማስረጃ የለም፣ ክስ የለም፣ ዝም ብሎ ስም ብቻ። ይህን ከረጢት ዘርግፌ የበላበትን ወረቀት አወጣለሁ። ካልሆነ እኔ እኔ አይደለሁም።

ጥቅምት 10

ወንድሜ ቤት። እማዬ እሱ ጋ ስለሆነች ነው እንጂ የዚያን ቤት ደጃፍ ባልረገጥኩ። ገና ስገባ ሚስቱ ሶፋው ላይ የነበረ ቦርሳዋን አንስታ መኝታ ቤት አስገባች። በሩን ቆለፈች። ዘጠኝ ዓመት፣ በመጣሁ ቁጥር። ቆልፋ ስትመለስ ደግሞ ትስመኛለች!

ታክሲውን ሸጦ ፊልሙ ላይ ብር ያፈሰሰው ወንድሜ ነው፤ ስለዚህ የተበደለውም እሱ ነው። ሂሳቡ ጎደለ በተባለ ቀን ሁሉም ሰው ፊት «እህቴም ብትሆን ሌባ ሌባ ነው» ያለውም እሱ። የሊቁን ቃል ሰው ባያምን የሱን አመነ። የገዛ ወንድሟ ካለማ...

እማዬ ምርኩዟን ይዛ ወጣችና ያንኑ ወሬ ጀመረች። «ወንድምሽ ባይኖር እኮ ዛሬም አልጋ ላይ ነበርኩ። ታክሲው ተሸጦ እንኳ ከየትም ብሎ አሳከመኝ።» ሰምቻለሁ እማ። ዳሌዋ የተሰበረው በቀረጻው መሃል ነው። ሦስት ቀን ወንበር ላይ ያደርኩት እኔ፣ የከፈለው እሱ። ስለ ወንበሩ የሚያወራ የለም።

ስለ ከረጢቱ ነገርኳቸው። ወንድሜ የያዘውን ሻይ ሳይጠጣው አስቀመጠ። «ምን ይሠራልሻል? የሞተ ነገር አትቀስቅሺ።» የሞትኩት እኔ ነኝ ጋሼ፣ ልለው ፈለግኩ።

ጥቅምት 13

ከረጢቱን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። አቧራ፣ የአይጥ ኩስ፣ አንድ የግራ እግር ካልሲ። ሦስት ክምር አወጣሁ፦ የሚነበብ፣ በመከራ የሚነበብ፣ የነጣ። የማሽን ደረሰኝ ሲቆይ ፊደሉ ይጠፋል፤ የነጣው ክምር ከሁሉም ይበልጣል።

የአንድ ቀን ምሳ፣ 43 ሰው። እኛ 27 ነበርን! አሥራ ስድስቱ ማን ናቸው? አወቅኳቸው። የሊቁ አክስት ልጆች። «አጃቢ ተዋናይ» ተብለው መጡ፣ በሉ፣ ሄዱ። ፊልሙ ላይ የአንዳቸው ጀርባ እንኳ አይታይም። ጻፍኩት፦ «የፊልሙ ያልሆነ ሆድ፣ 16።» በኋላ በደንብ እጽፈዋለሁ። ለዛሬ ደስ ይበለኝ።

ጥቅምት 15

ሞኝ ነኝ። የጎረቤቴ ባል ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። «የነጣ ደረሰኝ ሲሞቅ ፊደሉ ይመለሳል» አለኝ። ካውያ አሙቄ አስነካሁት። ድፍን ጥቁር ሆኖ ቀረ። የምን እንደነበር እግዜር ይወቅ... መዝገቡ ላይ «በኔ ጥፋት የተበላሸ፣ 1» ብዬ አሰፈርኩ። ሊቁ ቢሆን ይጽፈው ነበር? እንኳን ሊጽፈው!

ካውያውን መደርደሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ጥቅምት 18

መዝጋቢዋ ጋ ሄድኩ። ቀረጻ ላይ ማን ምን ለብሶ ነበር፣ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ ይዞ ነበር እያለች በየቀኑ ትጽፍ የነበረችው። አሁን መድኃኒት ቤት አላት። በር ላይ ስታየኝ የገንዘብ መሳቢያዋን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ሳታውቀው ነው። ሳታውቀው መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

ደብተሯን ግን ሰጠችኝ። «እንዳይጠፋብኝ አደራ» አለች። እሺ፣ አልበላውም።

ጥቅምት 20

ደብተሩ ወርቅ ነው። እያንዳንዱ ቀን፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ዝናብ ዘነበ አልዘነበ። የነዳጁን ከቀኑ፣ የጄኔሬተሩን ከትዕይንቱ እያገናኘሁ ግማሹን ጨረስኩ። ሊቁ ይደውላል። «የት ደረስሽ?» «እየመጣሁልህ ነው።» ሳቀ። ይሳቅ።

ከነጣው ክምር አንድ ለየት ያለ ወጣ። የማሽኑ ጽሑፍ ድራሹ ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን ቀድሞ በቀይ የታተመ ስለሆነ አለ። ከሥሩ ሰማያዊ ማኅተም፣ «ተከፍሏል»፣ «የካቲት 1»... ቀጣዩ አኃዝ ጠፍቷል። ማኅተሙ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ግን ይነበባል። ነገ እደውላለሁ።

ጥቅምት 21

ሆስፒታል! ትልቁ ሆስፒታል፣ እማዬም የታከመችበት። ከተማው ሁሉ እዚያ ነው የሚታከመው። ለስልክ አንሺዋ «ጥርስ ክፍል አላችሁ?» አልኳት። «አለን፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

አገኘሁህ።

ደብተሩን ከፈትኩ። የካቲት 12፣ 13፣ 14፦ «ቀረጻ የለም። ገንዘብ ያዥ ፈቃድ ላይ።» እኔ እማዬ አጠገብ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሳጥኑ ቢሮ፣ ቁልፉ የሱ ኪስ። ቀኑን እንዴት አድርጎ እንደመረጠው! ስልሳ አራት ሺህ ብር አፉ ውስጥ ይዞ ዘጠኝ ዓመት ሲስቅ ኖረ። ጣቢያው፣ ተዋናዮቹ፣ ወንድሜ፣ ሁሉም ይሰማል። ወንድሜ ይቅርታ ሲለኝ ምን እንደምመልስለት ሁሉ አሰብኩ። ቶሎ እሺ አልለውም።

ጥቅምት 25

የሆስፒታሉ ገንዘብ ቤት። ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ታች አድርጋ ቀዩን ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች። ጠበቅኩ። የሊቁን ስም ከነአባቱ ልሰማ ተዘጋጅቼ...

የእናቴን ስም ጠራች። ከነአያቷ።

«ምንሽ ናት?» አለችኝ።

«እናቴ።»

«የዳሌ ቀዶ ጥገና ነው የሚለው። ጠቅላላ ስልሳ አራት ሺህ። የከፈለው...» ብላ የወንድሜን ስም አነበበች። «ኮፒውን ላውጣልሽ?»

አውጪልኝ አልኩ። ፊርማው የሱ ነው። አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆነን አብረን የተለማመድነው ፊርማ ነው።

ጥቅምት 26

መጋዘን። ሁለቴ ቆጥሬ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ጥቅምት 28

ኮፒውን ሊቁ ፊት አስቀመጥኩ። አየው፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ይሄ ደግሞ እዚያ ውስጥ ነበር እንዴ?»

ወረቀት አይጥልም፣ አያነብም። ለዚህ ነው ደረሰኙ የተረፈው።

ወንድሜ ሄዶ «እናቴ ልትሞት ነው፣ ብሩም የራሴ ነው፣ ክፈትልኝ» ብሎታል። ሊቁም ከፍቶ ሰጥቶታል። ደረሰኝ አምጣ ብሎትም ነበር፤ አምጥቶለታል፣ እሱም ከረጢቱ ውስጥ ጥሎታል።

«ታዲያ ሲጎድል ለምን አልተናገርክም?»

«ወንድምሽ አደራ ብሎኝ ነዋ። ደግሞ እሱ ራሱ ይነግራታል ብዬ...»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይነግራታል እያልክ ነበር?»

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የሠራተኛ ሕክምና ብለሽ አስገቢው፣ ሂሳቡ ይገጥማል።» በጥፊ አለማለቴ ይገርመኛል።

ጥርሱን ግን ጠየቅኩት። ከአማቱ ተበድሮ ነው። እስካሁን እየከፈለ ነው።

ኅዳር 1

የወንድሜ ጎማ ቤት። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ኮፒውን የጎማ ክምር ላይ ዘረጋሁት። ለመካድም አልሞከረም።

«የራሴን ብር ነው የወሰድኩት። ያውም ለእናታችን።»

«ለእማዬ መሆኑንማ ማን ይጠላል? ብትጠይቀኝ ራሴ ከፍቼ እሰጥህ ነበር። ሌባዋ ለምን እኔ ሆንኩ?»

«ሚስቴ... ታክሲው ሲሸጥ አብዳ ነበር። ከፊልሙ የሚተርፈውን ለቤት ነው ያለችው። ለእናቴ አወጣሁት ብላት ትዳሬ ይፈርስ ነበር። ለሷ ጓደኞቼ አዋጡልኝ አልኳት። ሳጥኑ ሲቆጠር ጉድለቱ መጣ፣ ሰው አንቺን አየ... እኔም...»

«አንተም አየኸኝ።»

«አንቺ ትችዪዋለሽ ብዬ ነው። ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ።»

ይህን አለኝ። ይኸው ቃል በቃል ጻፍኩት፣ ነገ አለስልሼ እንዳላስታውሰው። ባል የሌለኝ ለምን ሆነ? ሊያገባኝ የነበረው ሰው እናት ወሬውን ሰምታ አይደለም ያስቀረችው? ያኔ ወንድሜ መጥቶ «አይዞሽ» ብሎኛል። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ!

እጠላዋለሁ። ወንድሜ ነው፣ እጠላዋለሁ።

ኅዳር 4

ሊቁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ ደብዳቤ። ካልጻፈ ሂሳቡን አላስረክብም። ላከልኝ። «በወቅቱ በተፈጠረ አለመግባባት...» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ መለስኩለት። ሁለተኛው፦ «በአንዳንድ ወገኖች በተነሳ ጥርጣሬ...» ወገን ማን ነው? መለስኩለት።

በሦስተኛው መጣለት፦ «ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ብሩን ለወንድሟ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሷ አልነበረችም። እንዳልወሰደች እያወቅኩ ሌባ ብያታለሁ።» ፊርማ አለው። ይህን ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነገር ሲጽፍ አየሁት።

ኅዳር 6

ሂሳቡን አስረከብኩ። ስልሳ አራቱ ሺህ ለብቻው ገጽ ላይ ነው፦ «ከሳጥን ወጪ የተደረገ፣ የፊልሙ ወጪ ያልሆነ። የባለድርሻው እናት ሕክምና።» ያበላሸሁት ደረሰኝም አለበት።

ደብዳቤውን በኮፒ አባዛሁ። ከኔ ሌላ ላሉት ሃያ ስድስት ሠራተኞች፣ አንድ ለባለመጋዘኑ፣ አንድ ለወንድሜ ሚስት። የሷን ከሆስፒታሉ ኮፒ ጋር በእጄ ሰጠኋት። በር ላይ ቆማ አነበበችው። እኔም ግቢ ሳትለኝ ሄድኩ።

ኅዳር 8

ባለመጋዘኑ አነበበና «እና?» አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠበት። መዝጋቢዋ ደወለች፤ አልቅሳ ማውራት አቃታት። ደብተሯን ነገ እመልስላታለሁ።

ኅዳር 15

እማዬ አስጠራችኝ። ሁሉም ሳሎን ነበሩ። ወንድሜ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ።

እማዬ ሰምታለች። ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች። «እና አሁን እኔ ምን ላድርግ? ዳሌዬን አውጥቼ ልመልስ?» ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ሦስቱንም ቀን ወንበር ላይ ያደርሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል? መድኃኒቱ እያደነዘዘኝ እንኳ እጅሽን አውቀው ነበር» አለች። ስለ ወንበሩ ሲወራ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ወንድሜ «እኔ እኮ...» አለ። «አንተ ዝም በል» አለችው እማዬ። እሱ ላይ ድምፅ ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ሚስቱ ምሳ ልታቀርብ ተነሳች። ቦርሳዋ ሶፋው ላይ፣ ከወንድሜ ጎን ነበር። አነሳችው። ልማዷ ነው፣ ወደ መኝታ ቤት ልትወስደው ነው ብዬ ዓይኔን አዞርኩ። መጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዢልኝ» አለች። ባሏን ነው የምታየው።

ይቅር አላልኳትም። እሱንማ አይታሰብም። ግን ያዝኩላት፤ ምሳው እስኪያልቅ በግራ እጄ ቦርሳውን ይዤ በቀኜ በላሁ። እሱ ከሳህኑ ቀና አላለም።