ባለቤቴን ለሁለት ስለከፈለው ምዘና

ለተከበሩ ዶክተር ሂልቤርቶ ሳንክሌሜንቴ
የዩኒቨርሲቲው የምርምር ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ከተራራው ርቆ ሜዳው ላይ ለተሠራው ቤትዎም እንዲሁ። እኛ የሎማ አልታ ነዋሪዎች ዝናቡ ገና ስላልጀመረ ደህና ነን።

ሟቹ ባለቤቴ ዶክተር ኤቫሪስቶ ሞንቱፋር ኪንታና የጀመረው የናዳ ክትትል፣ ሌሎች ምሁራን ጥናቶቹን በጠቀሱበት ብዛት የሚሰላው የጥቅስ ነጥቡ ከማለፊያው በታች በመሆኑ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚዘጋ፣ ቁልቁለቱ ላይ የተተከሉትን ችካሎች እየዞረች የምትመለከተው የእሱ ተማሪ ኑቢያ ካርዳሌስም እንደምትሰናበት የገለጹበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ስለ ደብዳቤው ማማር ከልብ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ተመትቷል፤ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሰፈራችን ከመጣው ነገር ሁሉ እንዲህ ቀጥ ያለ አይቼ አላውቅም።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ማንበብ የለመድኩት ባለሱቁ ጥቁር ስኳር ከሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካነሳኋቸው ነጥቦች በተሳሳተ መንገድ የተረዳሁት ቢኖር ጥፋቱን ለጋዜጣው ይተዉልኝ።

፩. ስለ ስሙ። እንደሚያውቁት በአገራችን ሰው መጀመሪያ የአባቱን፣ ቀጥሎ የእናቱን ቤተሰብ ስም ይይዛል፤ እርስዎም እናት ስላለዎት ነገሩ እንግዳ አይሆንብዎትም። ጥቅስ የሚቆጥርላችሁ የባሕር ማዶ ማሽን ግን እናት ያለው አይመስልም። አንዳንዴ የመጀመሪያውን ስም፣ አንዳንዴ የመጨረሻውን ብቻ እያነሳ የባለቤቴን ጥናቶች ጥቂቶቹን ለሞንቱፋር፣ የሚበዙትን ደግሞ ኪንታና ለሚባል ሰው አድሏቸዋል። ይህን ለማስረዳት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በመስኮቱ በኩል የተቀበለኝ ወጣት እጅግ ትሑት ነው።

«ዶኛ ኤዴልሚራ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሲስተሙ ሁለት ሰው ናቸው ይላል» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔ ያገባሁት አንድ ሰው ነው» ብዬ የጋብቻ ወረቀቴን አሳየሁት፤ ሁለቱም ስሞች አሉበት።

«ይኸው! ሁለት ናቸው ብዬዎት የለ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ጎረቤቴ ዶን ሲክስቶ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። «ኤዴልሚራ፣ ጉድሽ ፈላ! ለካ ሁለት ባል ኖሮሽ ሰነፉን ለእኛ እያሳየሽ ጎበዙን ጓዳ ደብቀሽ ኖረሻል!» ቢል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ወጣቱ ግን አልሳቀም፤ መስኮቱን ዘጋ።

፪. ስለ ምሕረታችሁ። በደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ «የሟቹ ሥራዎች ከዶክተር ኪንታና ሥራዎች ጋር በርዕስም በአጻጻፍም እጅግ መመሳሰላቸው የሚያሳስብ ቢሆንም፣ ለሟች ክብር ሲባል ጉዳዩ አይጣራም» የሚል አንብቤያለሁ። ባለቤቴ ከራሱ መስረቁን ሸፍናችሁ በማለፋችሁ ውለታችሁ አለብኝ።

፫. ዜሮ ስለተሰጠው ጽሑፍ። ባለቤቴ በመጨረሻ ዘመኑ የጻፈው ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ነው። ችካል ሲያዘነብል ዕቃ ሳይሰበስቡ መውጣት እንደሚገባና በየትኛው መንገድ እንደሚወረድ ይናገራል። ባለፈው ክረምት ችካሎቹ አዘነበሉ፤ ኑቢያ በየደጁ እየዞረች አንኳኳች፤ ሰው ሁሉ ዳቦ ቤቱ ላይ እንዳነበበው ወጣ፤ በነጋታው ተራራው ባዶ ቤቶችን ጠራርጎ ወረደ። ኮሚቴዎ ጽሑፉን መርምሮ «በየትኛውም ጆርናል አልተጠቀሰም፤ ተጽዕኖው ዜሮ ነው» ሲል ፈርዷል። ልክ ነው፤ እኛም ብንፈልግ ብንፈልግ አንድ ቀብር አላገኘንም። የልኬታችሁ ትክክለኛነት አስደንቆኛል። ዶን ሲክስቶ ብቻ አልተዋጠለትም። «በሕይወት ያለነው አንቆጠርም ማለት ነው? ሞተን ነው እንዴ የምንቆጠረው?» እያለ ያስቸግረኛል። ጫማ ሰፊ ነው፤ ስለ ምዘና አያውቅምና ይቅርታ ያድርጉለት።

በአንጻሩ እናንተ ያደነቃችሁት፣ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ጥናት ስለዚያው ቁልቁለት የጻፈው የመጀመሪያው ነው። ያኔ ቁልቁለቱ ሊናድ እንደሚችል የሚያሳየውን ውጤት አስቀድሞ ለሰፈሩ ሊነግር ፈልጎ ነበር። ጆርናሉ ደግሞ አስቀድሞ የተነገረ ነገር አይቀበልም፤ የደመወዝ ጭማሪ የሚያስገኘውም ጆርናሉ ነበር። «መጀመሪያ ላከው፤ ለእነሱ በኋላ ትነግራቸዋለህ፤ ጣሪያችን ያፈሳል» ያልኩት እኔ ነኝ። የጆርናሉ ገምጋሚዎች ገና ሲመክሩ ዝናቡ ቀደማቸው፤ ጎረቤታችን ዶኛ ኦፌልያ ከነቤቷ በናዳው ወረደች። ጥናቱ ታተመ፤ ጣሪያችንም ተሠራ። ያንን ጥናት የጠቀሱትን ሰዎች ዝርዝር አውጥታችሁ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የዶኛ ኦፌልያ ስም የለበትም።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። የባለቤቴን ነጥብ እንዳሻችሁ ቀንሱ፤ ካስፈለገም ለሦስት ክፈሉት። ኑቢያን ግን በዝናብ ዋዜማ አታሰናብቱብን። የሚያየው ሰው ከሌለ ችካል እንጨት ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለማንበብ ከቆጠራ ላይ የተሻማሁብዎት ጊዜ እንዳይቆጭዎት እየተመኘሁ፣ ለኮሚቴዎ ያለኝን አክብሮት ቦታው በሚፈቅደው መጠን እገልጻለሁ።

የሁለት ዶክተሮች አንዲት መበለት፣
ኤዴልሚራ ቦኦርኬስ
ሎማ አልታ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ (ለጊዜው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በእርስዎ ፊርማ ለክቡር ዶክተር ኪንታና የተጻፈ ነው። ባለቤቴ ቢሮ ስላልሰጣችሁት በጥናቶቹ ሁሉ ላይ የቤታችንን አድራሻ ያሰፍር ነበርና ሳይስት መጥቷል። ዶክተር ኪንታና በጥቅስ ብዛት ልቀው በመገኘታቸው ለመጪው ዓመት የተራራ ጥናቱን እንዲመሩ ተሹመዋል፤ በአካል መገኘት ባይችሉም የመረጡትን ሰው በዩኒቨርሲቲው ደመወዝ እንዲወክሉ ተፈቅዶላቸዋል። ክቡር ሆይ፣ ዶክተር ኪንታና ከዶክተር ሞንቱፋር ጋር በአንድ መቃብር ስላሉ መምጣት አይመቻቸውም፤ እኔ በስማቸው ኑቢያ ካርዳሌስን ወክያለሁ። ሹመቱን መሻር ከፈለጉ ሁለቱ አንድ ሰው እንደነበሩ በጽሑፍ ማመን ብቻ ይበቃል፤ ያኔ ደግሞ ነጥባቸው ተደምሮ ክትትሉ ከማለፊያው በላይ ይሆናል። የቱን እንደመረጡ ሲመችዎት ያሳውቁኝ፤ ኑቢያ ችካሎቹን ለማየት ወጥታለች።