የትሬቬን የመጨረሻው ተመራጭ

ውድ ወንድሜ ጆሪ፣

ከባሕር ማዶ እንዴት ከረምክ? የፐርዝ ክረምት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ኬሪ እና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አባዬ ወር ሙሉ ካኮረፈው ኩርፊያ በቀር ደህና ከርመናል። ዝናቡም እንደ ልማዱ አለ፤ ላሞቹም አሉ።

ምርጫ ክልላችን ትሬቬን ሞታ ተቀበረችልህ። አውራጃው «ሰው አነሳችሁ» ብሎ ከፖርትሜላን ጋር አንድ ላይ ሰፋን። ከፖርትሜላን ጋር! በየበዓሉ በገመድ ጉተታ ጭቃ ውስጥ ከሚዘፍቁን ሰዎች ጋር! አባዬ እንደምታውቀው ተወዳዳሪ ቀርቦበት ስለማያውቅ የምክር ቤቱን ወንበር እንደ እርሻው አንድ ጥግ ነበር የሚያየው። ዘንድሮ ግን ለአንዷ ወንበር ከፖርትሜላኗ ዳቦ ጋጋሪ ከወይዘሮ ኬዚያ ጋር ተፋጠጠ። «ወንበሩን ካጣሁ እኮ፣ ታምሲን፣ ተራ ሽማግሌ ነኝ» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

የምርጫው ዕለት በአገራችን ወግ ላንድሮቨሩን አስነስቶ አቅመ ደካሞችን ወደ ምርጫ ጣቢያው ሲያመላልስ ዋለ። የማን ደጋፊ እንደሆኑ አይጠይቅም፤ የኬዚያን አክስት እንኳ ደግፎ ያስገባት እሱ ነው። እማዬንም ከፊት አስቀምጦ በክብር ወሰዳት። ድምፁ ሲቆጠር እኩል ለእኩል! ሕጉ ዕጣ ይውጣ ይላልና አስመራጩ እጁን ሳጥን ውስጥ ከቶ የኬዚያን ስም አወጣ። ይሄኔ ጎረቤታችን ፔትሮክ «ሄድሊ፣ አንተ ግን መቼ መረጥክ?» ቢለው አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ ሰው ሲያመላልስ የራሱን ድምፅ ሳይሰጥ ጣቢያው ተዘግቶበታል! ራሱን መምረጥ መቼ ለምዶ?

ከዚያ ወዲያ መጠጥ ቤት መሄድ ቀረ። «በገዛ እጄ!» እያለ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እማዬ ደግሞ ለፋሲካ ብቻ የምትጋግረውን፣ ሳፍሮን የሚባለው ውድ ቢጫ ቅመም የገባበትን ዳቦ በየቀኑ ትጋግርለት ጀመር። እኔ አዝናለት መስሎኝ! ባለፈው ሐሙስ ዳቦውን ፊቱ አስቀምጣ «ሄድሊ፣ እኔ የመረጥኩት ኬዚያን ነው» አትለው መሰለህ!

ከተቀመጥኩበት ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። አባዬ «እኔው ራሴ በመኪና ወስጄሽ?» አላት።

«አዎ፣ በሩንም ከፍተህልኝ።»

«ምን በደልኩሽ?»

«ምሳ ለብቻዬ መብላት ሰለቸኝ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም ነበር?»

«ዕድሜ ልኬን ነግሬሃለሁ፤ ሁልጊዜ ስብሰባ ነበረብህ።»

አባዬ መጀመሪያ ጠረጴዛውን መታ፤ ከዚያ ሳቅ አፈነው፤ ቀጥሎ እንባው መጣ። አልዋሽህም፣ እኔም አለቀስኩ።

ትናንት ፔትሮክ ብስክሌቱ የመንገዱ ጉድጓድ ውስጥ ገብታበት አቤት ሊል እንደ ድሮው እኛ ቤት መጣ። አባዬና እማዬ ጓሮ ተቀምጠው ሥጋና ድንች በሊጥ የተጠቀለለበትን አንድ ፔስቲ ለሁለት እየተካፈሉ ነበር። አባዬ ፍርፋሪውን ከጺሙ ሳይጠርግ «ስብሰባ ላይ ነው በይው» አለኝ።

ኬሪን እቀፍልኝ፤ ትልቁን ልጅህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ሹራብ እየሠራችልህ ነው። አባዬም በናንተ አገር ያልመረጠ ይቀጣል መባሉን ሰምቶ «አስተዋይ አገር ነው፣ ግን የሚወዳደር ሰው ማንን እንደምትመርጥ አስቀድሞ ሚስቱን ይጠይቅ» ብሎሃል።

የምትናፍቅህ እህትህ ታምሲን
ትሬቬን፣ ኮርንዋል
ጁን 16 ቀን 1985