ሳይንኳኳ አይቆረጥም፦ የእትዬ አንቀጽ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እህታችን፣ ቤተሰቡም መሥሪያ ቤቱም «እትዬ አንቀጽ» እያለ የሚጠራቸው፣ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሰፈሩ ዳቦ መጋገሪያ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ እኛ ታናናሾቻቸው የደረስነው ደንቡ ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የለጠፉት ወረቀት ማን መቼ እንደሚገባ ይደነግጋል፤ ሆዱን የታመመ ሰው ግን ተራ ሳይጠብቅ እንዲገባ ይፈቅዳል። ስንቶቻችን ሆዳችንን ሳያመን እንደገባን እያወቁ ያልፉን ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር አጠናቀው፣ በሕግ ዲግሪያቸውን ይዘው በምክር ቤቱ የሕግ አርቃቂ ሆነው ተቀጠሩ። ቢሯቸው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ በየጊዜው እየቆመ ቢያስቸግራቸው በንዑስ አንቀጽ የተከፋፈለ አቤቱታ ጻፉ። አቤቱታውን ይዘው የመጡት የሕንፃው የሊፍት ጥገና ባለሙያ ሊፍቱን ሠርተው ሲያበቁም መመላለሱን አልተዉም፤ በዓመቱ ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በትዳር ዘመናቸው አንድም ክርክር አሸንፈው እንደማያውቁ፣ ይግባኝ ማለት ግን እንዳልታከታቸው ይናገራሉ።

እናታችን ሳንባቸውን ታመው በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ መተንፈስ ሲጀምሩ እትዬ ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። የስማርት ቆጣሪ ረቂቅ ሕግ ጠረጴዛቸው ላይ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። አዲሱ ቆጣሪ ፍጆታውን ራሱ ያስተላልፋል፤ የክፍያ ቀን ያሳለፈን ደንበኛ መብራትም የመብራት ድርጅቱ ከቢሮው ሳይነሳ መቁረጥ ይችላል። እትዬ ቆጣሪውን አልጠሉትም። የከነከናቸው፣ የሚቆርጠው ሰው ከበሩ ጀርባ ማን እንደተኛ ሳያይ መቁረጡ ነው። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ጨመሩ፦ መብራት ከመቆረጡ በፊት የድርጅቱ ሠራተኛ በአካል ሄዶ ያንኳኳ፤ በመሣሪያ የሚተነፍስ ሕመምተኛ ካለም አይቆረጥ።

የድርጅቱ መሐንዲሶች ሳቁ። ሰው የምንልክ ከሆነ ስማርትነቱ ምኑ ላይ ነው አሉ። የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢም ለእነሱ አደሉና አንቀጹ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። እትዬ ግን ይህን ለእናታችን አልነገሯቸውም።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን መሐንዲሶቹ መብራት ከርቀት እንዴት እንደሚቆረጥ ለኮሚቴው ሊያሳዩ መጡ። ጠረጴዛ ላይ ያኖሩትን የሙከራ ቆጣሪ እንቆርጣለን ብለው ሲጫኑ የሕንፃውን መብራት ቆረጡት፤ የሙከራው ቆጣሪና የሕንፃው ቆጣሪ በአንድ ደንበኛ ስም ተመዝግበው ኖሯል። ሰብሳቢው እንደልማዳቸው አርፍደው በሊፍት እየወጡ ነበርና ሊፍቱ ሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ አለ። መልሶ ለማብራት ደግሞ የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

እትዬ ደረጃውን ወርደው የሊፍቱን በር አንኳኩ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ ነኝ። ትንፋሽ አላጠረዎትም?»

ከውስጥ «እንኳን መጣሽ! እዚህ መኖሬን የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ፈርቼ ነበር» የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬም «እናቴም የምትፈራው ይህንኑ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ አንቀጹ ቃል አልተነፈሱም፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ ስለ ሰብሳቢው ልጆች እየጠየቁ አጫወቷቸው። በሩን እንዲከፍቱ የተጠሩት ባለቤታቸው የመሣሪያ ሳጥናቸውን ፍለጋ ለምን ያን ያህል እንደቆዩ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አልሰጡም። ሰብሳቢው ላባቸውን እየጠረጉ ወጥተው ስብሰባውን ከፈቱ፤ አንቀጹም በሙሉ ድምፅ አለፈ። እናታችን ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖረው፣ ዕድሜ ጠግበው አረፉ።

እትዬ ጡረታ ከወጡ በኋላ የእናታችን ሕመም እሳቸውንም ያዛቸው። ባለፈው ዓመት አልጋ ላይ ሆነው በመሣሪያ ሲተነፍሱ፣ ቤተሰቡ ሐኪም ቤት በመመላለስ ተወጥሮ የመብራት ክፍያውን ረሳው። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከድርጅቱ የተላከች ወጣት ሠራተኛ ነበረች። መሣሪያውን ስታይ እንደማይቆረጥ መዘገበችና ትንሽ ልታርፍ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ከፎቅ ፎቅ መውጣት እግሯን እንደጨረሰው ነግራቸው፣ «ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው ባገኘው ጫማ አስገዛው ነበር» አለች።

እትዬ መሣሪያው እስኪጮህ ድረስ ሳቁ። ትንፋሻቸው መለስ ሲልላቸው «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብለው ጠየቋት። ልጃቸውም በሳምንቱ ጫማውን አደረሰችላት።

እትዬ አንቀጽ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ መሣሪያቸውም ሳይቋረጥ እየሠራ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና አሁን ያለ ደንብ የቀረነውን ታናናሾቻቸውን ትተውን ሄደዋል፤ እጅግ ይናፍቁናል። ያቺ ሠራተኛም ዛሬ ከሥራ አስፈቅዳ ከመካከላችን ቆማለች፤ ጫማው ልኳ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያኑርልን፤ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።