የእማዬ የኩል ብልቃጥ

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ያ የማይለቅሽ ሳልስ? ለይሉኝታ ያህል ነው የጠየቅኩሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። እትዬ የምልሽ አፌ ስለለመደ እንጂ አክብሬሽ እንዳይመስልሽ።

እትዬ፣ ልጅሽ ቅዳሜ ስትመጣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኖ ነበር። የዓይኗ ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ሽፋሽፍቷ ሥር፣ ስንዴ የምታህል ብጉንጅ ወጥታባታለች። አንቺ በመርፌ ላፍርጠው ብለሻት ሸሽታ እንደመጣች ነገረችኝ። መርፌ! ለዓይን! አንቺን ማን እናት አደረገሽ?

ንጹሕ ጨርቅ ሞቅ ባለ ውኃ እየነከርኩ፣ እየጨመቅኩ ዓይኗ ላይ ያዝኩላት። «አክስቴ፣ አቃጠልሽኝ» ስትል «ዝም በይ፣ ከእናትሽ መርፌ ይሻላል» እላታለሁ። ፎጣዋን ለየሁ። እንዳትነካካው እጅ እጇን እያየሁ ጠበቅኳት። በራሱ ጊዜ ፈርጦ ጎደለ።

መድኃኒት ቤትም ወስጃት ነበር፤ ሰውዬው ትኳል እንደሆነ ጠየቃት፤ የቆየ ኩል ካለ ጣሉት አለን። ልጅሽ መሬት መሬቱን አየች። ቤት ስንገባ ከቦርሳዋ አወጣችው። የእማዬ ብልቃጥ! ያ አንገቱ የተሰነጠቀው። የታሰረበትን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከሣጥንሽ ሥር አግኝታው ተደብቃ ስትኳል ከርማለች። አንቺም ስትፈልጊው ሰንብተሽ ይሆናል፤ ጠፋብኝ ብለሽ ለማን ትነግሪያለሽ?

እማዬን ቀብረን የተመለስን ዕለት ብልቃጡ ከራስጌዋ ሲጠፋ ወስደሽዋል አልኩሽ። በለቀስተኛው ፊት ተነሥተሽ «ወስጄው ከሆነ የልጄ ዓይን ይጥፋ!» አልሽ። ሰው ሁሉ በእኔ አፈረ። ከዚያ ወዲህ ቀጣፊዋም ነገረኛዋም እኔ ነኝ። መሐላሽ ደረሰ አልልሽም፤ ልጅቱ ምን አጠፋች? ሌላ ጊዜ ግን በራስሽ ዓይን ማይ።

ብልቃጡን አትጠብቂ። ኩሉን ጣልኩት ብያታለሁ፤ የእማዬ እጅ የነካውን ማን ይጥላል? እሷ እሑድ ወደ ቤትሽ ትመለሳለች፤ ብትቆጫት እሰማለሁ።

ፊደሌ መስመር ስቶ ከሆነ አትሳቂ። ግራ ዓይኔ ከትናንት ጀምሮ አልገለጥ ብሎኝ በአንዱ ነው የምጽፈው። ልጅሽ የሞቀ ጨርቅ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። አቃጠልሽኝ ስላት ዝም በይ ትለኛለች።

የልጅሽን ዓይን ይጠብቅልሽ። ያንቺንም፣ ምን ላድርግ።

ታናሽሽ