አባየና ሞተራቸው ኮምቦልቻ ገቡ

ለውድ ወንድሜ ለሸረፈዲን አብዱልወሀብ
አሰብ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምክ ወንድሜ? የወደቡ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህንስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጆንያ ተሸክመህ ስትመጣ መርየም በዘይት ታሽሃለች? እሷስ እንዴት ናት? ሐዋዬስ ጥርስ አበቀለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ጤነኞች ነን። የእኔ መዳፍ ብቻ ባለፈው ሐሙስ ገመድ ስስብ ተላልጦ ብዕር በወጉ አላስይዝ ብሎኛል፤ ፊደሌ ቢጣመምብህ ከዚያ የተነሳ ነው።

ዋናውን ወሬ አስቀድሜ ልንገርህ። አባየ ኮምቦልቻ ገብተዋል። ሞተራቸውም አብሯቸው ገብቷል። ይህን ስታነብ ግንባርህን እንደምትቋጥር አውቃለሁ፤ «ሞተሩን ለብረት ገዢ ሽጡትና እሳቸውን ብቻ ውሰጃቸው» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያልሰማሁህ ንቄህ አይደለም፤ እስኪ ታገሠኝና ከመጀመሪያው ላጫውትህ።

ክረምቱ ካለፈ ወዲህ የደሴ ብርድ አባየን ደረታቸውን ይዟቸው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥተው መስጊድ መድረስ እንኳ አቅቷቸው ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አልጣሽ ምሳቸውን ባያመላልሱላቸው ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር አላህ ያውቃል። ከፋብሪካ ፈረቃ በተረፍኩ ቁጥር እየወጣሁ «አባየ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ከእኔ ጋር ይኑሩ» ስላቸው ወደ ሞተራቸው ዞረው መወልወል ይይዛሉ። እማየ ከሞተች ወዲህ እንዴት እንደሆኑ ለሰደቃዋ በመጣህ ጊዜ አይተሃል። በመጨረሻ አንድ ቀን «እሺ፤ ግን ሞተሬን ጥዬ ከዚህ ግቢ አልወጣም» አሉኝ። ያ ባለ ሦስት እግር ሞተር ሃያ ሁለት ዓመት ለደሴ ሱቆች ዳቦ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ፒስተኑ ተጣብቆ ከቆመ ይኸው አራት ዓመቱ ነው። እየነዱ ማውረድ አይታሰብም፤ ተሳቢ ላይ መጫን አለበት። የአንተን ደብዳቤ ሳነብላቸው «ሽጡት» የሚለው ጋ ስደርስ ዘልዬ አለፍኩት።

አባየ ሲባጎ አምጥተው የሞተሩን ርዝመት ለኩና አንድ ቋጠሮ፣ የኋላ እግሮቹን ስፋት ለኩና ሌላ ቋጠሮ አስረው ሰጡኝ። «ተሳቢ ስታዪ ዓይንሽን አትመኚ፤ በዚህ ለኪ። ከለካሽ በኋላ ደግሞ ጎንበስ ብለሽ ከሥሩ እዪ» አሉኝ። መጀመሪያ ያገኘሁት ኮምቦልቻ መውጫ ላይ የቆመ የከባድ መኪና ተሳቢ ነበር፤ ወለሉ ደረቴ ድረስ ይመጣል። ብነግራቸው «ሦስት እግር ብቻ ያለው ነገር ያን ያህል ከፍ ብሎ ከተጫነ ጥምዝ ላይ ይገለበጣል፤ ተይው» አሉ። ቀጥሎ አንድ በያጅ ከአሮጌ መኪና አክሰል የሠራትን ዝቅ ያለች ተሳቢ አየሁና ወደድኳት። ሲባጎውን ብዘረጋባት ግን አንድ ስንዝር ጠበበች። ጎንበስ ብዬ ሳይም መጎተቻዋ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። በያጁ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የቀለም ነው» አለኝ። ጥፍሬን ባስጠጋው ገባ። ሰላም ዋል ብዬው ሄድኩ።

የሚሆነውን ሐርቡ አገኘሁት። የአንድ ገበሬ ማኅበር ተሳቢ ነው፤ ዘርና ማዳበሪያ በላንድሮቨር የሚጎትቱበት። ወለሉ ከጉልበቴ ብዙ አይበልጥም፤ ሳንቃው ያልበሰበሰ፣ ጎማው ያላለቀ፣ በአራቱም ማዕዘን የገመድ ማሰሪያ ቀለበት ያለው ነው፤ ሲባጎዬም ከነትርፉ ገባ። ሊቀ መንበሩ ከቀበሌሽ ደብዳቤ አምጪ አሉ፤ ቀበሌው ደግሞ ከፋብሪካው አምጪ አለ፤ እንዲህ ስመላለስ አሥራ አንድ ቀን ሄደ። ሾፌሩ ሞላልኝ ይባላል። ሳቂታና ደግ ሰው ነው፤ በሥራው የሚከራከረውን ግን አይወድም።

ሐሙስ ጠዋት ሞላልኝ ተሳቢውን ከደሴው ግቢያችን በታች ካለው የአፈር ጠርዝ ጋር አስጠጋና ወለሉ ከመሬቱ እኩል ሆነለት። ሞተሩን ገፍተን ልናስገባ ስንል አባየ «አዙራችሁ በጀርባው አስገቡት፤ የዚህ ሞተር ክብደቱ ኋላው ላይ ነው። ከባዱ ወደ ላንድሮቨሩ ካልቀረበ ተሳቢው ይወዛወዛል» አሉ። ሞላልኝ ሳቀና «አባባ፣ ስንት ዓመት ስጭን መኪና በጀርባው ሲገባ አይቼ አላውቅም» አለ። አባየ ሊመልሱለት ሲሉ ሳል ያዛቸው። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኬላው ላይ ወረፋ እንዳይበዛብን ቸኩዬ «በቃ አባየ፣ ሾፌሩ ያውቃል» አልኩ። ይባስ ብዬ የብረት ሣጥናቸውንና የእማየን ሙቀጫ ከሞተሩ ኋላ፣ ዳቦ ይጫንበት በነበረው ቦታ ላይ ደረብኩበት። አዩኝና ላንድሮቨሩ ውስጥ ከፊት ገብተው ተቀመጡ።

የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጀምር ደኅና ነበርን። ሦስተኛውን ጥምዝ አልፈን ሞላልኝ ለቀቅ ሲያደርገው ላንድሮቨሩ ከኋላው መወዝወዝ ጀመረ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ በመስኮት ሳይ ተሳቢው አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ተራራው ይላል። ሞላልኝ ፍሬኑን ሊረግጥ ሲል አባየ ክንዱን ያዙና «ፍሬን አትርገጥ! ነዳጁን ልቀቅ! መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ በራሱ ይረጋል!» አሉት። ሸረፈዲን፣ ያ ድምፅ አንተን ብስክሌት ሲያስተምሩህ የነበራቸው ድምፅ ነው። ሞላልኝ እንዳሉት አደረገ። ውዝዋዜው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ መንገዱ ዳር ቆምን። ከገደሉ ምን ያህል እንደቀረን አልነግርህም፤ መርየም ታነበውና ትደነግጣለች። ትንፋሻችንን ሳንሰበስብ የወታደር ኮንቮይ መንገዱን ሞልቶ ሽቅብ ወደ ደሴ አለፈ።

ሞላልኝ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና «አባባ፣ እንዳሉኝ ላድርግ» አለ። አባየ «ነግሬህ ነበር» አላሉትም፤ «ና ሞተሩን ያዝ» ብቻ አሉት። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች አህዮቻቸውን ዳር አቁመው መጡልን። የላንድሮቨሩንም የተሳቢውንም ጎማዎች በድንጋይ ደገፍን፤ ቢስሚላህ ብለን ሞተሩን አወረድን፤ አዙረን በጀርባው አስገባነው። ሣጥኑና ሙቀጫው ላንድሮቨሩ ውስጥ ገቡ። አባየ በጉልበታቸው ተንበርክከው ገመዱን ራሳቸው አሰሩ። መሪው ላይ ሊያስር የሞከረውን ገበሬ «እሱ ይታጠፋል፤ ዋናውን ብረት ያዝ» ብለው መለሱት፤ አራቱን ገመድ ወደ አራቱ ማዕዘን ወጠሩና ብረት በሚነካበት ቦታ ሁሉ ፎጣቸውን ቀደው ከሥሩ አስገቡበት፤ ለሦስቱም ጎማ ታኮ አደረጉ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን አስቆሙን፤ እውነትም ገመዱ ላልቶ ነበር፤ እኔና ሞላልኝ እንደገና ሳብን። መዳፌ የተላጠው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ተሳቢው እንደ በግ ተከተለን። ኮምቦልቻ ስንገባ ሞላልኝ የአባየን እጅ ስሞ ነው የሄደው።

በማግስቱ ምሳ እየበላን «አባየ፣ ሸረፈዲን ሽጡት ብሎ ነበር፤ ሳነብልዎ ዘልዬው ነው» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ፤ «እዚያ ጋ ስትደርሺ ተንፍሰሻል።» ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። አባየ እንጀራቸውን እየቆረሱ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ አልተሳሳተም፤ ብረት ነው። እኔ ግን እናታችሁ ከሄደች በኋላ ጠዋት ጠዋት የምወለውለው ነገር ባይኖረኝ ኖሮ፣ ከአልጋዬ የምነሳበት ምክንያት አልነበረኝም።» ወንድሜ፣ እኔም አንተም ይህን አላወቅንም። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በሐሳብህ ልቀየምህ ቀርቶ ራሴም ስንቴ ሽጠን በተገላገልን እንዳልኩ እያሰብኩ ነው።

አሁን ሳላቸው ቀንሶላቸዋል። ሞተሩ ከግቢያችን ጥላ ሥር ቆሟል፤ ፒስተኑን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፈው ባምስተኛው ቀን አላቀቁት። የጎደለው የፒስተኑ ፋሻ፣ ዙሪያውን የሚታጠቀው የብረት ቀለበት ነው፤ እዚህ ጠይቀን አጣን። ልኩን ወረቀት ላይ ሥለው ሰጥተውኛልና ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ። ከወደቡ አካባቢ ፈልግልን።

መርየምን ጉንጯን ስመህ ሰላም በልልኝ። ሐዋዬን እስክትስቅ ድረስ ሳምልኝ። አብረዋችሁ ለሚኖሩት ለመርየም እናት የአክብሮት ሰላምታዬን አድርስ፤ ዱዓቸው አይለየን። ባለቤቴ በሺር ሰላም ብሎሃል። እትዬ አልጣሽም ሲሰናበቱን አልቅሰው «ለሸረፍዬ ንገሪልኝ» ብለዋል። አባየ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በጋዝ እየታጠቡ፣ ይህን ጻፊለት ይሉኛል፦ «ለዒድ ስትመጣ ጋሪ እንዳትይዝ፤ ከአውቶቡስ ወርደህ መናኸሪያው በር ላይ ቁም። እኔ መጥቼ እወስድሃለሁ።»

እህትህ ሳፊያ አብዱልወሀብ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.